የዓባይን ዐይን የከደነ እጅ

አጭር ርቀት ሯጩ ዓባይ አርካዊት በተባለው የካርቱም ሰፈር በሚገኘው የአፈር ሜዳ ላይ፣ ከመነሻው መስመር አጠገብ በደረቱ ተደፍቶ፣ ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ ተገኘ። ስፓይክ የሚባለውን ባለ ሹል ብረት የሩጫ ጫማውን እንዳደረገ ነው። ሯጮች ሲነሡ እግራቸውን የሚያሳርፉበት ብረት፣ እነሱ ብሎክ የሚሉት፣ ከኋላው መሬት ላይ ተቸንክሯል፤ የተቸነከረበት መዶሻ ደግሞ ደም ነክቶት ወዲያ ወድቋል። በካርቱም ክለቦች ውስጥ በመቶ ሜትር የሚቀድመው ታጥቶ የኖረውን ልጅ ያን ዕለት ጠዋት ሞት ቀደመው።

ሕማማትና ረመዳን በአንድ ሳምንት የገጠሙበት ዓመት ነበር። ሐበሻውም ሱዳኑም ጾመኛ ነው፤ ሁሉም አፉ ደርቋል፣ ፊቱ ጠቁሯል። በየአደባባዩ ወታደር የጫኑ መኪኖች ቆመዋል። ለምን እንደቆሙ የሚጠይቅ አልነበረም፤ መልሱን መስማት የሚፈልግ ሰው አልተገኘማ።

የአካባቢው ጣቢያ ኃላፊ ሻምበል ኦመር ወይዘሮ ሐመልማልን ያስጠራት ለአስተርጓሚነት ነው። ሐመልማል ጎንደር ሳለች የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ ካርቱም ከገባች ወዲህ ለፖሊስ እያስተረጎመች ትኖራለች። ምላሷን አከራየች እንጂ ዐይኗን አላከራየችም። ሻምበሉ ይህን ያውቃል፤ እንደማያውቅ መሆኑ ግን ለሁለቱም ይመቻቸዋል።

«ገዳዩን ይዣለሁ» አላት ሜዳው በር ላይ፣ ገና ሱዳኖች ረክሻ ከሚሉት ባጃጅ ሳትወርድ። «ኦሊያድ ይባላል፤ አብሮት የሚሮጥ ነው። አንቺ ቃሉን ብቻ ተርጉሚልኝ። ከመግሪብ በኋላ ወደ ትልቁ እስር ቤት ይወሰዳል።»

ሐመልማል ደነገጠች። በዚያ ሰሞን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሐበሻ ወደ ትልቁ እስር ቤት ከገባ፣ ጉዳዩን የሚያይለት ቀርቶ ስሙን የሚያስታውስለት አይገኝም። ለኦሊያድ የቀረው ጊዜ ፀሐይ እስክትጠልቅ ያለው ብቻ ነው።

ሻምበሉ ያሰበውን አስረዳት። ዓባይ ለመነሣት ብሎኩ ላይ ተንበርክኮ ሳለ ከኋላው ማጅራቱን ተመቷል። ሯጭ ጀርባውን ሰጥቶ የሚንበረከከው አብሮት ለሚለማመድ ሰው ነው። የሜዳው ቁልፍ ያለው በኦሊያድ እጅ ነው፤ መዶሻውንም በየቀኑ የሚይዘው እሱ ነው። ከባሕረ ሰላጤ አገር ለአንድ ሯጭ ብቻ የመጣ ውል ደግሞ አለ፤ ሁለቱ በእሱ ሲናከሱ ሰንብተዋል።

ሐመልማል ወደ አስከሬኑ ሄደች። አስከሬኑን ሊጭኑ የመጡትን ሰዎች ጥቂት እንዲታገሡ ለምና ተንበረከከች። መስመሩ የተሰመረው በኖራ ነው፤ ኖራው ገና ዱቄት ነው፣ ሲነኩት ይይዛል። የዓባይን ጣቶች አየች፤ ንጹሕ ናቸው። ፊቱን አዞሩላት። ዐይኖቹ ተከድነዋል፤ በሁለቱም የዐይን ቆቦች ላይ ነጭ ኖራ አለ። ከዚያ ወደ ብሎኩ ዞረችና ብዙ አየችው።

«ብሎኩን አሁን ፎቶ አንሣና ንቀለው» አለችው ሻምበሉን። «እንዴት እንደነበረ ለማንም አትንገር። ያየው ሰው አለ?»

ዘበኛው አስከሬኑን ከሩቅ አይቶ እየሮጠ መጥራቱን፣ ከዚያ ወዲህ ፖሊስ በሩን ዘግቶ ማንንም አለማስገባቱን ነገራት። ለምን እንደጠየቀች ቢጠይቃትም የረመዳን ሰው ብዙ አይናገርም ብላ አለፈችው።

ኦሊያድ ከጣቢያው ወለል ላይ ተቀምጦ ነበር። ከንፈሩ አብጧል። ሕማማት ነውና እጅ አልተጨባበጡም፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ብቻ ተቀበላት። በማለዳ የሜዳውን በር ለዓባይ ከፍቶ መሄዱን አመነ። ዓባይ «ዛሬ ብቻዬን ተወኝ፣ እንግዳ አለብኝ» ብሎት ስለነበር ወደ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ሄዶ እስኪያዝ ድረስ ጡብ ሲሸከም ነበር። እዚያ የቀን ሠራተኛን ስም የሚጠይቅ የለም፤ ስለዚህ የሚመሰክርለትም የለም።

«ከዓባይ ጋር ተጣልታችኋል?» አለችው።

«ተጣልተናል፣ እትዬ። ውሉን እኔም ፈልጌዋለሁ። ከተጎዳ ወዲህማ አነሣሡን እንደ ሕፃን እንደገና ሲማር፣ አሁን ነው የምቀድመው ብዬ ነበር።» ያበጠ ከንፈሩን ላሰ። «ግን ሯጭ ሯጭን የሚገድለው በሩጫ ነው። እዚያ ካስገቡኝ አልወጣም አይደል?»

ሐመልማል ልትዋሸው አልፈለገችም። «መግሪብ ገና ነው» አለችው።

አሠልጣኙን ጸጋዬን ያገኘችው ከተዘጋው የሜዳ በር ፊት ለፊት፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው። ዓባይ ቢሄድበት ክለቡ እንደሚፈርስ፣ ለዚህም ውሉን እንደጠላው ሳይጠየቅ ተናገረ። ጠዋት የት እንደነበረ ስትጠይቀው ቤቱ ተኝቶ እንደነበረ፣ ምስክሩም ትራሱ ብቻ እንደሆነ ነገራት። ኖራውን ማታ በገዛ እጁ አስምሯል። ስለ ጉዳቱ ስትጠይቀው በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ የዓባይ የግራ ጭን ጡንቻ እንደተሰነጠቀ፣ ከዚያ ወዲህ በሌላ አነሣሥ እንዳለማመደው አስረዳት።

«ይህን የሚያውቅ ማነው?»

«እኔና ኦሊያድ ነን። ጋሽ ይስማው እንዳይሰማ አደራ ብሎን ነበር።»

ይስማው የዓባይ አጎት፣ የእናቱ ታላቅ ወንድም ነው። መተማ ላይ እግሩን አይቶ ሯጭ ያደረገው፣ ድንበር ያሻገረው፣ ካርቱም አምጥቶ ለክለቡ ያስረከበው እሱ ነው። ጾሙ ከገባ ወዲህ ግን ገዳሪፍ ሌሎች ልጆች ሲመለምል ሰንብቷል። ዓባይ አደራ ያለበትን ምክንያት ጸጋዬ አያውቅም፤ አጎቱ እንዳይጨነቅ ይሆናል ብሎ ነበር።

ሐመልማል ከዚያ ካፉሪ ወደሚባለው ሰፈር ሄደች። የዓባይ እጮኛ ገሊላ እዚያ ሁስና በምትባል ሐኪም መኖሪያ ቤት በሠራተኝነት ትኖራለች። ልጅቱ በጓሮ በር ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፤ እንባዋ አልቆ ድምፅዋ ብቻ ነበር የሚያለቅሰው። ዓባይ ጭኑ ሲጎዳ አሠሪዋ ለእሷ ስትል መርምራው ነበር። ሐኪሟ ደሙን አስመርምራ፣ ለዓመታት ሲወጋ የኖረው መርፌ ቫይታሚን ሳይሆን ለሯጭ የተከለከለ መድኃኒት እንደሆነ ነገረችው። ውሉን የሚሰጡት ሰዎችም ደም ይመረምራሉ።

«ማን ነው የሚወጋህ ብዬ ለመንሁት» አለች ገሊላ። «‹ታላቄ ነው፤ ሰው ፊት ሳላዋርደው መጀመሪያ ራሱን ልጠይቀው› አለኝ። ከዚያ በኋላ ለሁሉም እናገራለሁ ብሎኝ ነበር።»

ታላቅን ከኋላው አለማማት መልካም አስተዳደግ ነው። ዓባይን ያስገደለው ይኸው አስተዳደጉ መሆኑን ሐመልማል ያኔ አወቀች፤ ማን እንደሆነ ግን ገና ማረጋገጥ ነበረባት። ጸጋዬም ታላቁ ነው፣ ይስማውም ታላቁ ነው።

ከሰዓት በኋላ ይስማው ለቅሶ ቤት ደረሰ። ረጅም፣ ሽበታም፣ ገና ከበር ደረቱን እየመታ የገባ ሰው ነው። ለቅሶው የውሸት አልነበረም፤ ሐመልማል ብዙ የውሸት ለቅሶ ስላየች ይህን ትለያለች። ገዳሪፍ ሳለ ተደውሎለት በመጀመሪያው አውቶቡስ መምጣቱን ለለቀስተኛው ተናገረ። «መነሣት ያስተማርሁት እኔ፤ ሲወድቅ ላነሣው ያልነበርሁት እኔ» እያለ ያንጎራጉራል። ሐመልማል አጽናንታው ወጣችና ለሻምበል ኦመር ደውላ ሁለት ነገር ጠየቀችው። አንደኛው ስለ ገዳሪፍ መንገድ ነው። ሁለተኛው ሁሉንም ወደ ሜዳው እንዲያመጣላት ነው።

ፀሐይዋ ቀልታ ወደ ቤቶቹ ጣሪያ ስትወርድ ሁሉም ሜዳው ላይ ተሰበሰቡ። ኦሊያድ በካቴና ታስሯል። እሱን የሚወስደው መኪና በር ላይ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል።

«የዓባይን አነሣሥ ማየት እፈልጋለሁ» አለች ሐመልማል። «ሌሎቻችሁ ጀርባችሁን ስጡ። አንድ በአንድ እየመጣችሁ ብሎኩን ለዓባይ እንደሚሆን አድርጋችሁ አስቀምጡልኝ። ጫማው ይኸውና፤ በእሱ ለኩ።»

ገሊላ ሜዳ መጥታ እንደማታውቅ ተናግራ ቀረች። ጸጋዬ ተንበርክኮ በጫማው ለካና የቀኙን መርገጫ ወደ መስመሩ አስቀድሞ፣ የግራውን ወደ ኋላ አደረገ። ሐመልማል ነቅላ አፈረሰችው። የኦሊያድ ካቴና ተፈታለት፤ እሱም ቀኙን አስቀደመ። ደግማ አፈረሰችው። ይስማው ሲንበረከክ እንባው አፈሩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ እጁ ግን አልተሳሳተም። እንደ ድሮው በጫማው ልክ ለካ። ግራውን አስቀደመ።

ሻምበል ኦመር የጠዋቱን ፎቶ ከስልኩ አወጣና ከብሎኩ ጋር አስተያየ። ከዚያ ቀና ብሎ ይስማውን አየው።

«አሁን ዙሩ» አለች ሐመልማል። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ዓባይ ተንበርክኮ ሳለ አልተመታም። ለመነሣት የተንበረከከ ሯጭ ጣቶቹን ከኖራው ዳር ያሳርፋል፤ የዓባይ ጣቶች ግን ንጹሕ ነበሩ። ብሎኩን ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው፤ ኖራውም የነካው የዚያን ሰው እጅ ነው። ያስቀመጠውም ዓባይ ከሞተ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም በዚያው ኖራ በነካው እጁ የሬሳውን ዐይን ከድኗል። ኖራው የዐይኑ ቆብ ላይ ነበር።»

«ጸጋዬ ወይም ኦሊያድ ነገሩን ወደ ይስማው ለማዞር ሆን ብለው ብሎኩን ገልብጠው ቢሆንስ?» አላት ሻምበሉ።

«ገዳሪፍ ነው በሚባል ሰው ላይ እንዴት ያሳብባሉ? ብሎኩን ያስቀመጠው ሰው የዓባይን ልክ አሳምሮ ያውቃል፤ ገሊላ ይህን አታውቅም። ግን የሚያውቀው የድሮውን ነው። የግራ ጭኑ ከተጎዳ በኋላ ዓባይ ቀኙን እንደሚያስቀድም ጸጋዬና ኦሊያድ ያውቃሉ። ጉዳቱ የተደበቀው ከአንድ ሰው ብቻ ነው። የተደበቀበትም ምክንያት ሐኪሟ የመርፌውን ነገር የደረሰችበት በዚያው ጉዳት ስለሆነ ነው። ዓባይ ያንን ሰው ፊት ለፊት ሊጠይቀው ለብቻው ቀጠረው።» ወደ ይስማው ዞረች። «ጋሽ ይስማው፣ በየትኛው አውቶቡስ መጡ?»

ይስማው ዐይኑን ወደ ብሎኩ ጣለ። በእሱ ፈንታ ሻምበሉ የገዳሪፍ መንገድ ከትናንት ጀምሮ በወታደር እንደተዘጋ፣ ዛሬ ከዚያ በኩል አንድም አውቶቡስ ከተማ እንዳልገባ በዓረብኛ ተናገረ። የሚያስተረጉምለት አላስፈለገውም።

«እኔ ግን መጀመሪያ የጠረጠርኩት በዐይኑ ነው» አለች ሐመልማል። «ባዕድ ቢሆን ገድሎ ይሮጥ ነበር። የሰው አገር ላይ የሞተ ሰው ዐይን የሚከድነው ዘመድ ነው።»

ይስማው በጉልበቱ እንዳለ ቀረ። መሬቱን እያየ ተናገረ።

«ነገ ለሁሉም እናገራለሁ አለኝ። ስሜን፣ መርፌውን፣ ሁሉን። አባብዬው ነበር። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ።» እጆቹን አያቸው። «ልምምድ ላይ ሳለ የሞተ ይመስላል ብዬ ነው ብሎኩን ያደረግሁት። ስጨርስ ያየኛል። ገና ሕፃን ሆኖ ሲነሣ ቀና ብሎ እንደሚያየኝ ያየኛል። እንዴት አድርጌ እንደዚያ ልተወው?»

ኦሊያድ ወደ እሱ ተጠጋ። የሚመታው መስሎ ሻምበሉ እጁን ዘረጋ፤ ኦሊያድ ግን አልመታውም።

«እኔስ፣ ጋሼ? ለቅሶ ቤት ሲቀመጡ እኔን እንደያዙኝ ሰምተዋል። እኔን ሊወስዱኝ ነበር።»

ይስማው ቀና ብሎ አየው። ምናልባት የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያየው።

«ያንተን ዐይን አላየሁትማ» አለ።

ገሊላ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ወደ አጥሩ ሄደች። ጸጋዬ ተከተላት። ከመስጊዱ የመግሪብ አዛን ተሰማ፤ ሻምበል ኦመር ከኪሱ ሦስት ቴምር አውጥቶ አንዱን በላና፣ ሁለቱን ለኦሊያድ ሰጠው። ከዚያ ከኦሊያድ የፈታውን ካቴና ይስማው እጅ ላይ አሰረ። ሞተሩን አስነሥቶ ሲጠብቅ የነበረው መኪና ይስማውን ይዞ ሄደ።

ኦሊያድ ቴምሩን አልበላም። ብሎኩ ዘንድ ተንበረከከ፤ የይስማውን የግራ መርገጫ ወደ ኋላ መለሰ፤ ቀኙን በዓባይ ጫማ ለክቶ ወደ መስመሩ አስጠጋ።

«አሁን እንዲህ ነበር የሚነሣው» አለ። «ሰው ሳያይለት።»

ከአየር ማረፊያው በኩል ወታደር የጫኑ መኪኖች እየተከታተሉ ያልፉ ነበር። ሐመልማል ጫጫታቸው እስኪያልፍ ጠበቀችና ስልኳን አወጣች። የዓባይ እናት እስካሁን አልተነገራትም። ልጇ መሞቱን ብቻ ሳይሆን ወንድሟ እንደገደለውም የሚነግራት ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ከዚህ ቀደም ስንት ጊዜ ሠርታዋለች፤ ዛሬ ግን ቁጥሩን ከፍታ መጫን አቃታት።

ኦሊያድ ተነሥቶ የኖራ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «እኔ እደውላለሁ፣ እትዬ» አለና ስልኩን ተቀበላት።