በእሾህ የተከደነ ውሃ

ሙንተሲር ከደሴ ቆቦ ድረስ የመጣው ውሃ ፍለጋ ነበር። ከቆቦ ተነስቶ የዞብልን ተራራ ተሻግሮ እስከ አፋር በረሃ የሚዘልቅ የእግር መንገድ ለጎብኚዎች ሊከፈት ነው ተባለ፤ እሱ ደግሞ የት ውሃ እንደሚገኝ፣ የት እንደሚታደር እየመዘገበ መጽሐፍ እንዲያዘጋጅ ተላከ። የጠየቀው ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ወደ ታሂር ጠቆመው። አባቴ ሠላሳ ዓመት ግመል እየነዳ ያንን በረሃ ተመላልሶበታል። አሁን ግን ዓይኑ ደክሟል።

«መንገዱ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው። ዓይኔ ደግሞ ፈሪሀ ናት» አለው። ፈሪሀ እኔ ነኝ።

እንዲህ ሆነና ጥቅምት ላይ ሦስታችን ወረድን፤ አባቴ በግመል፣ እኛ በእግር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከአባቴና ከግመሉ በቀር ብዙም የማወራው ሰው አልነበረኝም። ከሁለቱ ግመሉ ይሻላል፤ ምክር አያበዛም።

በመጀመሪያው ቀን ያየሁት ሰውየውን ሳይሆን ሻንጣውን ነው። ድንኳኑም ሳህኑም ፍራሹም እየተጣጠፈ እዚያ ውስጥ ገብቷል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደረቁ ወንዝ መሀል ለስላሳ አሸዋ መርጦ ድንኳኑን መትከል ጀመረ።

«ወንድሜ፣ ዋና ትችላለህ?» አልኩት።

«እዚህ በረሃ ላይ?»

«እዚህማ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ደጋ የዘነበው በየት የሚያልፍ ይመስልሃል? ደግሞ ውሃ ዳር አይታደርም፤ ጅቡም ከብቱም የሚመጣው እዚያው ነው። ጉብታው ላይ ውጣ።»

እየሳቀ ወጣ። ንጋት ላይ ያንን ለስላሳ አሸዋ ድፍርስ ጎርፍ ሞልቶት አገኘው። ሳቁን ተወና ዞሮ አየኝ፤ ብዙ አየኝ። ዓይኔን መስበር ነበረብኝ፣ አልሰበርኩም። ከዚያ ወዲያ ሻንጣውን ማየት ተውኩ።

በሦስተኛው ቀን ሌላ ደረቅ ወንዝ ደረስን። ዳሩ ላይ አንድ ጠማማ ግራር አለ። አባቴ ከግመሉ ሳይወርድ «ከግንዱ አሥር እርምጃ፣ ወደ ፀሐይ መውጫ» አለ። ተንበርክከን በእጃችን ቆፈርን። እስከ ክርናችን ስንደርስ አሸዋው ረጠበ፤ ቆይቶም ውሃው ቀስ እያለ ተጠራቀመ። የያዝነው ጣሳ አንድ ነበር። መጀመሪያ ለእኔ ሰጠኝ፤ ጠጥቼ ስመልስለት ጣሳውን አዙሮ እኔ በጠጣሁበት በኩል ጠጣ።

«ፈሪሀ» አለ፣ አባቴ እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሥራዬን እንደጨረስኩ ሽማግሌ ይዤ ልምጣ። ትጠብቂኛለሽ?»

«መጀመሪያ ተመለስ» አልኩት። እሺ ማለቴ ነበር። ገብቶታል መሰለኝ ጣሳው ከእጁ ወደቀ።

በማግስቱ ጠዋት የራቀውን ግመል ልመልስ ሄድኩ። ስመጣ ጉድጓዱ የለም። ሙንተሲር በአሸዋ ደፍኖት ላዩን በእግሩ ያስተካክላል።

እኛ ዘንድ የሚመለስ ሰው የቆፈረውን ውሃ አይደፍንም። እሾህ ይከድንበታል፣ እሾኹ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይጭናል፤ ከብት እንዳይረግጠው፣ ለራሱም ለሌላ መንገደኛም እንዲቆይ። ውሃ የሚደፍን ሰው ከዚያ ቦታም፣ አብሮት ከቆፈረው ሰውም ጉዳዩን ጨርሷል። ባልና ሚስት ሲለያዩ እንኳ «ውሃዬን ደፈነብኝ» ነው የሚባለው። ይህን የእኛ ሰፈር ሕፃን ያውቀዋል። የደሴ ሰው ላያውቀው ይችላል የሚል ሐሳብ ግን ብልጭ አላለልኝም።

መጠየቅ ነበረብኝ። ኩራት እራቷ የሚሉት እኔን ነው፤ ቀሪውን መንገድ ሁሉ ኩራቴን እየበላሁ ሄድኩ። ቆቦ ስንመለስ ሚኒባሱ በር ላይ ቆሞ «ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

«ምንም። አላህ መንገዱን ያቅናልህ።»

ደወለ፤ አላነሳሁም። ደጋገመ፤ ቁጥሩን ሰረዝኩት። ለጎረቤቴ ለሰይዳም «ብቅ ካለ ታጭታለች በይው፤ ከዚያ በኋላ ስሙን እንዳታነሺብኝ» አልኳት።

ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥርም አለፈ። አባቴ በጊዜ ይተኛል። ለግመሉ አወራለሁ፤ እሱም ሲሰለቸው ፊቱን ያዞራል። ከደሴ የመጣ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር የሚወርዱትን አንድ በአንድ አያለሁ፤ ማንን እንደምፈልግ ግን ለራሴም አልናገርም። ናፍቆኝ ነበር። በቃ፣ ናፍቆኝ ነበር።

የካቲት ላይ መጽሐፉ ታትሞ ደረሰን። ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ጠማማው ግራር ዘንድ ያለውን «የፈሪሀ ውሃ» ብሎታል። ገጹን ስገልጥ የመንገደኛው ደንብ ተጽፏል፦ «ከመነሳታችሁ በፊት የቆፈራችሁትን ጉድጓድ መልሳችሁ ድፈኑ። ቦታውን እንዳገኛችሁት አድርጋችሁ ተዉት።»

«ምን ያለው ነው?» አለ አባቴ ተቆጥቶ። «ውሃ ድፈኑ ብሎ ይመክራል?»

እኔ ግን ደንቡን ደግሜ አነበብኩት። ለእሱ አገር ሰው መድፈን ቦታውን ማክበር ነው እንጂ መለያየት አይደለም። መጽሐፉን እንደያዝኩ ወደ ሰይዳ ሮጥኩ።

«ሙንተሲር መጥቶ ነበር?»

«ጥር ላይ፣ ከአባትሽ ጋር ጎብዬ አክስትሽ ዘንድ የሄድሽ ለት። አጎቱን ይዞ ነበር። ታጭታለች አልኩት፤ አንቺው ነሽ በይ ያልሽኝ!»

«ሌላስ ምን አልሽው?»

«ተናድጄ ‹ውሃዋን ደፍነህባት ደግሞ ሽማግሌ ታመጣለህ?› አልኩት። ‹የምን ውሃ?› አለኝ። ነገርኩት። ‹መጽሐፉ እኮ ማተሚያ ቤት ገብቷል› አለ። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። አጎቱን መኪና ላይ አሳፍሮ እሱ ብቻውን ወደ ቆላ ወረደ። ወላሂ፣ ያበደ ነው የመሰለኝ።»

በማግስቱ ግመሉን ጭኜ ወረድኩ። አባቴ «ብቻሽን?» ብሎ ጠየቀ፤ አዎ ያልኩበትን ድምፅ ሲሰማ አልከለከለኝም። ሁለት ቀን ሙሉ የሰው ድምፅ አልሰማሁም። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጠማማው ግራር ዘንድ ደረስኩ፤ እግሬ ግን አልቀርብ አለኝ። ምንም ባይኖርስ?

ከግንዱ አሥር እርምጃ ቆጠርኩ። እሾህ ነበር። ደርቆ ነጥቷል፤ ላዩ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጭኖበታል። የቆላ ሰው እሾኹን ወደ ውጭ ያዞራል፤ ይህ ወደ ውስጥ ነው የዞረው። እጁን ምን ያህል ወግቶት ይሆን? እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ፣ እያለቀስኩም ሳቅኩ።

ጠጥቼ ጉብታው ላይ ወጣሁ፤ በዚያ አካባቢ ስልክ የሚሠራው እዚያ ብቻ ነው። ቁጥሩን ሰርዤዋለሁ፤ መጽሐፉ ጀርባ ላይ ግን ታትሟል፦ «ውሃ ያጣ መንገደኛ በዚህ ይደውል።»

«ሄሎ?»

«ውሃ ያጣ ሰው ይደውል ስላልክ ነው» አልኩ።

ድምፄን ወዲያው ለየው።

«የት ሆነሽ ነው?»

«አንተ የከደንከው ውሃ ዘንድ። እሾኹን ገልብጠኸዋል።»

«ታጭታለች ብለውኝ...»

«ውሸት ነው። ያስዋሸኋት እኔ ነኝ።»

በስልኩ ውስጥ ወንበር ሲገፋ ተሰማኝ።

«አሁን እነሳለሁ» አለ። «በአራተኛው ቀን እዚያ ነኝ። ትጠብቂኛለሽ?»

«መጀመሪያ ተመለስ።»

«ፈሪሀ?»

«አቤት።»

«ውሃ ዳር እንዳትተኚ።»

ወርጄ ጉድጓዱን መልሼ ከደንኩት፤ እሾኹን ወደ ውጭ አዙሬ፣ ድንጋዩን ጭኜ። ከዚያ ግመሉን ጉብታው ላይ አወጣሁና ጓዜን አራገፍኩ።