ከውጭ የተቀረቀረው መስኮት

ኢንስፔክተር ደብሪቱ ከባጃጅ ወርዳ የሲስተሮቹን ትምህርት ቤት በር ስትገፋ፣ ሬሳውን ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ተጋድሞ አገኘችው። ገና ሰላምታ ሳትሰጥ ደሟ ፈላ።

«ከሞተበት ማን አነሣው?»

«እኔ ነኝ ልጄ፤» አሉ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሲስተር ምሕረት፣ መቁጠሪያቸውን እያሻሹ። «ነፍሱ ያልወጣች መስሎኝ ወደ አየር ጎተትኩት። ከሰል ነው ያፈነው።»

ሟቹ የታሪክ መምህሩ ባንተአምላክ ነበር። ጊዜው ኅዳር 2014 ዓ.ም. ነው፤ የጦርነቱ ወሬ በየቀኑ እየቀረበ የሚመጣበት ወቅት። የእንጅባራ ተማሪዎች የዘማች ቤተሰብ አዝመራ ሊሰበስቡ ወጥተዋል። የሲስተሮቹ መማሪያ ክፍሎችም የስንቅ ማዘጋጃ ሆነዋል፤ ካቶሊኮቹ ሲስተሮችና የሰፈሩ ኦርቶዶክስ እናቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ገብስ ይቆላሉ፣ በሶ ያዘጋጃሉ፣ ዳቦ ቆሎ ይቆርጣሉ። ያለቀውን ስንቅ ደጉ የሚባል መምህር ዳንግላ ወዳለ መጋዘን ያደርሰዋል፤ ከዚያ ወደ ግንባር ይጫናል። ባንተአምላክ ሰሞኑን ጉንፋን ጠንቶበት፣ ዳቦ ቆሎው በሚደርቅበት ትንሽ ክፍል ከማንደጃው ሙቀት አጠገብ ይተኛ ነበር። ጠዋት ሲስተር ምሕረት እዚያው ሞቶ አገኙት።

የደብሪቱ ስልክ ጮኸ። አዛዥዋ ናቸው።

«ከሰል ነው አሉኝ። ብርድ በገባ ቁጥር የሚሆን ነገር ነው። አደጋ ብለሽ ጻፊና ተመለሽ።»

«ጌታዬ፣ ገና ክፍሉን እንኳ አላየሁም…»

«ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ አንቺ በአንድ ሰው ትከራከሪያለሽ? ጣቢያው ባዶ ነው!»

ኔትወርኩ ተቋረጠ። ባዶ መሆኑን መች አጣችው! ባልደረቦቿ ዘምተዋል፣ የጣቢያው መኪና ለግዳጅ ተወስዷል፣ የሆስፒታሉ ሐኪም በቁስለኛ ተጨናንቆ ሬሳ ለማየት ጊዜ የለውም። ስልኩን ኪሷ ውስጥ ወርውራ ወደ ክፍሉ ገባች።

አመድ የሞላ አንድ ማንደጃ መሐል ወለሉ ላይ አለ። ግድግዳው ሥር ሟቹ የተኛባቸው ጆንያዎች ተነጥፈዋል። ሁሉም በነጭ ክር ተሰፍተዋል፤ ራስጌ የነበረው ብቻ በሰማያዊ ሲባጎ ነው የተሰፋው። ከዚያ የብረት መስኮቱን ወዲያና ወዲህ አወዛወዘችው። በውስጥ በኩል መያዣ እንኳ የለውም።

«ሲስተር፣ ይህን መስኮት ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኝ። ድሮ የዶሮ ቤት ስለነበር መቀርቀሪያው በውጭ ነው። ዞሬ ሄጄ ነው የ…»

ሲስተር ምሕረት ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም።

«እንግዲህ የሞተ ሰው ወጥቶ መስኮት አይቀረቅርም፤» አለች ደብሪቱ። ክፍሉን ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ሁሉ ይቀላል ብላ ነበር። አልቀለላትም። ግቢው ውስጥ ገብስ በሚቆላበት ዳስ የምትሠራው ስሜነሽ፣ ደረሰ የሚባል ልጇ ባለፈው ወር የዘመተባት ናት። ደብሪቱ ስትቀርባት ከዘበኛው ከአያ ውዱ ጋር በአገውኛ ትነጋገር ነበር። የጎጃም አማርኛ ብቻ የምታውቀው ደብሪቱ አንዲት ቃል አልያዘችም። 

«ከመምህሩ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ልጄን ቀስቅሶ ያዘመተብኝ እሱ ነው፤» አለች ስሜነሽ ዓይኗን ሳትሰብር። «ትናንት ረግሜዋለሁ። ከክፍሉ እያለቀስኩ ነው የወጣሁት። ደግሞ ሌላ ምን ልበልሽ?»

ደብሪቱ የዳሱን ወለል አየች። በአመዱ መሐል የማንደጃ እግር ያረፈበት ክብ ምልክት አለ፤ ማንደጃው ግን የለም።

«ከዚህ ላይ የነበረው የት ሄደ?»

ስሜነሽ ምልክቱን እንደ አዲስ ነገር አፍጥጣ አየችው። «ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ እሳቱ እንዳለ እዚሁ ትቼው ነበር…»

አያ ውዱ ጣልቃ ገቡ። «እሷን ተያት። መስኮቱን የቀረቀርኩት እኔ ነኝ። ዝናብ ጣለና ዘጋሁት። ሰው መኖሩን አላወቅኩም።»

«አያ ውዱ፣ እርስዎ ሽማግሌ ሰው ነዎት። የግቢው አቧራ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነው። የምን ዝናብ?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ትናንት ስሜነሽ ስታለቅስ አይተው፣ ዛሬ የመስኮቱን ነገር ሲሰሙ ያደረገችው እሷ መስላቸው ነበር። ደብሪቱ በጥርሷ መሐል አየር ሳበች። ክፉ ሰው ቢዋሽ ደንብ ነው፤ ደግ ሰዎች እየተሽቀዳደሙ ሲዋሹ ግን ምን ይደረጋል?

«ይልቅ እውነት የሆነ ነገር አንድ ይንገሩኝ። መምህሩ ትናንት የት ዋለ?»

«ዳንግላ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ጆንያ ተሸክሞ መጣ። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ‹የቆሰለ ተማሪዬ ከሆስፒታል የነገረኝን ላጣራ ነው፤ ነገ ሁላችሁም ታዩታላችሁ› አለኝ።»

እኩለ ቀን ሲቃረብ መምህር ደጉ ከሚኒባስ ወርዶ እየሮጠ ገባ። ሬሳው እግር ሥር ወድቆ አለቀሰ። ደብሪቱ እስኪረጋጋ ጠብቃ ወደ ጥላ ወሰደችው።

«መቼ ሰማህ?»

«አሁን፣ እንጅባራ መናኸሪያ። ማታ ዳንግላ ነው ያደርኩት። ይገርምሻል፣ ስንት ጊዜ መከርኩት! ሰው ሁለት ማንደጃ ሙሉ ከሰል አጋግሎ፣ መስኮት ዘግቶ ይተኛል?»

«አይተኛም፤» አለች ደብሪቱ በለሰለሰ ድምፅ። «ከግቢው እንዳትወጣ።»

ወዲያው ወደ ሲስተር ምሕረት ሄደች። ጸሎት ቤቱ ደጃፍ ላይ አገኘቻቸው።

«ሲስተር፣ እኔ ክፍሉ ውስጥ ያየሁት አንድ ማንደጃ ነው። ሁለተኛውን የት አደረጉት?»

የመነኩሲቷ ፊት ዐመድ መሰለ። «ከአትክልቱ ቦታ ከጎመኑ ሥር ነው። የስሜነሽ ማንደጃ መሆኑን ሳይ… ልጇ ጦር ሜዳ ያለ እናት እንዴት ላሳስር? ማንንም ሳልጠራ ደብቄው መጣሁ።»

«ለሰው ተናግረው ነበር?»

«ለአምላኬ ብቻ።»

«እርስዎ ሊያድኗት ብለው፣ ነፍሰ ገዳዩ ያዘጋጀላትን ገመድ ነው አንገቷ ላይ ያጠበቁት፤» አለች ደብሪቱ። ድምፅዋ ከፍ ብሎ ነበር፤ ኋላ ቆጫት፣ ግን አልመለሰችውም።

ከሰዓት ሁሉንም በአንድ መማሪያ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጎልማሶቹ በተማሪ ወንበር ላይ ተጣብበው ተቀመጡ። ደብሪቱ በሰማያዊ ሲባጎ የተሰፋውን ጆንያ ጎትታ ፊት ለፊት አቆመችው።

«መምህር ባንተአምላክን ከሰል ገድሎታል፤ እውነት ነው። ከሰሉን ያስገባው ግን ሰው ነው። እሱ መስኮቱን ክፍት አድርጎ ተኛ። ሌላ ሰው መጣ፤ ከዳሱ ሁለተኛ ማንደጃ አምጥቶ አጠገቡ አስቀመጠ፣ በሩን ገጠመ፣ መስኮቱን ከውጭ ቀረቀረ። አያ ውዱ ‹እኔ ነኝ› ያሉት ለስሜነሽ ፈርተውላት ነው። ሲስተርም ማንደጃውን የደበቁት ለእሷው ነው።»

«እኔ አላደረግኩትም!» አለች ስሜነሽ።

«አላደረግሽውም። አንቺ የረገምሽው በቀን፣ ሰው እየሰማ ነው። ይህኛው ሰው የመጣው በምሽት ጸሎት ሰዓት፣ ግቢው ጭር ሲል ነው፤ የመጣውም ለዚህ ጆንያ ነው። ሲደርስ ባንተአምላክ ተንተርሶታል። ቢጎትተው ይነቃበታል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አስተኛው። ዛሬ በለቅሶው ግርግር ጆንያውን ሊወስድ አስቦ ነበር፤ እኔ ቀድሜ ቆለፍኩበት።»

ወደ ደጉ ዞረች።

«መምህር፣ ማንደጃው ሁለት መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ሰው… መናኸሪያ ያወሩ ነበር።»

«ሲስተር ሁለተኛውን የደበቁት ሰው ከመጥራታቸው በፊት ነው። እኔ ራሴ ስመጣ ያገኘሁት አንድ ነው። ሁለት መሆኑን ያወቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ያወጣው፣ ሁለተኛው ያስገባው። ትናንት ከዳንግላው መጋዘን አንድ ጆንያ ጎድሎብህ፣ ማን እንደወሰደው ስትሰማ ተከትለኸው መጣህ። ገድለኸው በመጣህበት ተመለስክ፤ ዛሬ ደግሞ አልቃሽ ሆነህ ደረስክ።»

ሲባጎውን በቢላ በጥሳ ጆንያውን ወለሉ ላይ ገለበጠችው። ከላይ ጥቂት በሶ ፈሰሰ። ከሥሩ የወጣው የሻገተ ፉርሽካ ነው። ሽታው ክፍሉን ሞላው።

«የእናቶቹን በሶ ሸጥከው። ጆንያውን በፉርሽካ ሞልተህ፣ በሰማያዊ ሲባጎ መልሰህ ሰፍተህ ወደ ግንባር ላክህ። የባንተአምላክ ቁስለኛ ተማሪ የነገረው ይህን ነው።»

 «ጥቂት ጆንያ ብቻ ነበር፤» አለ ደጉ። «ይነቃብኛል ብዬ ፈርቼ ነው… ሰው ልገድል አልመጣሁም።»

ስሜነሽ ከወንበሩ ተነሥታ መጣች። ተንበርክካ ፉርሽካውን በእጇ ዘገነች፤ አሸተተችው። በሶው እኮ የእሷ እጅ ነው፤ እንቅልፍ አጥታ የቆላችው።

«ደረሰ የበላው ይህን ነው?» አለችው።

ደጉ ወለሉን አየ።

«ልጄን ነው የምልህ! እኔ የቆላሁትን በላ፣ ወይስ ይህን?»

«የትኛው ጆንያ ለማን እንደደረሰ አላውቅም።»

ስሜነሽ ወደ ደብሪቱ ዞረች፤ ሁሉን ያወቀች ሰው ይህንንም ታውቅ እንደሆነ።  ሲስተር ምሕረት ጎንበስ ብለው ሴትዮዋን አቀፏት፤ ሁለቱም ፉርሽካው መሐል ተቀመጡ።

እስረኛውን የሚወስድ መኪና የለም። ባጃጅም ነዳጅ አጥቶ ቆሟል። ደብሪቱ የደጉን እጆች አስራ፣ ሲስተር በሰጧት ነጠላ ሸፍና በእግር ይዛው ወጣች። አስፋልቱ ዳር ገበያተኞች እያለፉ ነበር። አንዲት አሮጊት አይተውት ከተቀመጡበት ተነሡ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው።

«መምህር ደጉ፣ እግዜር ይስጥህ!» አሉ አሮጊቷ እጅ እየነሡ። «ልጆቻችንን የምታበላልን!»

ደጉ አንገቱን ሰበረ፤ ሰዎቹ ትሕትና መሰላቸው። ምርቃቱ ከሱቅ ወደ ሱቅ ተቀጣጠለ። ደብሪቱ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ግን ልጆቻቸው ግንባር ያሉ እናቶችን ፊት አየች። ጥርሷን ነክሳ ክንዱን አጥብቃ ያዘችና እርምጃዋን ጨመረች።