አሥራ ሁለት ቮልት

ሟቹ በመፈተሻ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ ቀኝ እጁ ሽፋን በሌለው የኮምፒውተር ማዘርቦርድ ላይ ተዘርግቶ ተገኘ። ሥራው ማዘርቦርዶችን ከፋብሪካ ፍጥነታቸው በላይ አስሩጦ አቅማቸውን መመዘን ነበር። በሚጽፍበት የኮምፒውተር መጽሔት «ወድቋል» ያለውን ዕቃ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ አስከሬኑ ተነሥቷል፤ ሚስቱ በካቴና ታስራ ጥግ ላይ ቆማለች። ማጅራቱ ላይ ቁስል ተገኝቷል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ባልና ሚስቱ ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። ፖሊሶቹ ከዚህ በላይ ለማሰብ አልደከሙም።

ከምሳ በኋላ ወደ ክፍሉ የገቡት ሦስት ናቸው፦ ኮምፒውተር ጠጋኝ የሆነችው ሚስቱ፣ የመጽሔቱ አዘጋጅና ያንኑ ማዘርቦርድ ያስመጣው የሚስቱ ታላቅ ወንድም።

«ኤሌክትሪክ ነው የገደለው» አለ አስመጪው፣ ከረባቱን እያስተካከለ። «ቦርዱ እንከን የለውም። እሱ ነው ኃይል ከልኩ በላይ የለቀቀበት። ይዞ ሲወረውረው ማጅራቱን ተመታ።»

«ከተወረወረ በኋላ ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ?» አለች መርፌ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ኤሌክትሪክ ካልሆነ ደግሞ... እህቴ ቁጡ ናት።»

«ወንድም ጋሼ!» አለች ሚስትየው።

«እርስዎ እዚህ የነኩት ነገር አለ?» አለችው መርፌ አስመጪውን።

«እኔ? ብሎን እንኳ ነክቼ አላውቅም። ለዚያ ሠራተኞች አሉኝ።»

አዘጋጁ የቦርዱ ፈተና ውጤት የታተመበት ወረቀት ዘረጋ። «ጠረጴዛው ላይ አገኘሁት። ‹አንድ ሰዓት ሙሉ በከፍተኛ ፍጥነት ሮጦ አልፏል› ይላል። ግን ምሳ ሰዓት ላይ ደውሎልኝ ነበር። ‹ሚስቴ ስለ ወንድሟ እየለመነችኝ ነው፤ ይህን ቆሻሻ ግን አላሳልፍም። በአዲስ ማቀዝቀዣ አንዴ ልድገመውና እጽፋለሁ› አለኝ።»

መርፌ ጓንቷን አጠለቀችና በሚግለው የቦርዱ ዋና ክፍል፣ በፕሮሰሰሩ ላይ የተገጠመውን ከባድ የመዳብ ማቀዝቀዣ ፈትታ ገለበጠችው። አዘጋጁ ሳያስበው «ኧረ በስመ አብ!» አለ።

ከመዳቡ ሥር መከላከያ ላስቲኩ አልተላጠም። በቀይ «ከመግጠምህ በፊት ላጥ» ይላል፤ ከጽሑፉ ጎን የአውራ ጣት አሻራ አርፎበታል።

«ላስቲኩ ሙቀቱን ስለሚያፍን በዚህ ሁኔታ አንድ ሰዓት ቀርቶ አንድ ደቂቃ አይሮጥም» አለች መርፌ። «ስለዚህ ወረቀቱ ውሸት ነው። ማቀዝቀዣውን የገጠመው ሟቹ አይደለም። ለምን ተገጠመ? መግደያው ስለሆነ። ታጥቧል፤ በስስ የመዳብ ክንፎቹ መሐል ግን ደም ቀርቷል። ገዳዩ መሣሪያውን እቦታው ደብቆ፣ የሟቹን እጅ ቦርዱ ላይ አስቀምጦ ሄደ፤ ኤሌክትሪክ ገደለው እንዲባል። ይህ ቦርድ የሚሠራው በአሥራ ሁለት ቮልት ነው። አሥራ ሁለት ቮልት ዝንብ አይገድልም! ጠጋኟ ይህን ታውቃለች። አዘጋጁም ያውቃል። የማያውቀው ሻጩ ብቻ ነው።»

ወደ አስመጪው ዞረች፤ «እርስዎ» ማለቷንም እዚያው ጣለችው።

«ዕድሜህን ሙሉ የሸጥከውን ዕቃ አንድ ቀን እንኳ ምን እንደሆነ አልጠየቅህም። ላስቲኩ ላይ ያለው አሻራ የማን ነው? አውራ ጣትህን አምጣ።»

አስመጪው እጁን ኪሱ ከተተ።

ካቴናው ከእህት ወደ ወንድም ተዛወረ። ሚስትየው አንጓዋን እያሸች ካልተከፈቱት ካርቶኖች አንዱን ቀደደች፤ የዚያው ዓይነት ቦርድ ነበር። የሌላ ማቀዝቀዣ ላስቲክ ላጠች፣ ገጠመች፣ ፍጥነቱን ጨመረች። በሰባተኛው ደቂቃ የመቃጠል ሽታ ወጣ፤ ስክሪኑ ጠፋ።

«ትንሽ ቢበርድ እኮ...» አለ ወንድሟ ከበሩ።

ቀና ብላ አላየችውም። የባሏን ደብተር ሳበችና «ወድቋል» ብላ ጻፈች።