«ትሂድ» ሳይባል

«አልሰማሁሽም» አለች አክስቷ።

«ትሂድ አልኩሽ እኮ።»

«ለሣሩ ነው ያልሽው። ቀና በይና ለእኔ ንገሪኝ።»

ፌንጣ ከተንበረከከችበት ቀና አለች። ትዕግሥቷ አልቆ ነበር፤ እርግጥ የእሷ ትዕግሥት ገና ሳይጀመር ነው የሚያልቀው። ቅጽል ስሟም የወጣላት በዚሁ የተነሳ ነው፤ አንድ ቦታ ተቀምጣ አንድ ሻይ የጨረሰችበትን ቀን የሚያስታውስ ዘመድ የለም። ከፊቷ ሣሩ ላይ የቆመችው ሄሊኮፕተር ከክንዷ ብዙም የማትረዝም፣ ከላይ የሚሽከረከሩ ሁለት ጥቁር ክንፎችና ቀጭን ጭራ ያላት፣ በሪሞት የምትበር ናት።

«ትሂድ» አለች ጮክ ብላ።

«እንዲህ ነው እንጂ» አለች አክስቷ፤ ሪሞቱን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች።

አክስቷ የመኪና መንዳት አስተማሪ ናት። ተማሪዎቿ መኪናዋን ዞረው፣ ጎማውንና መብራቱን አይተው፣ ከሥር የተኛ ድመት አለመኖሩን አጎንብሰው አረጋግጠው ጮክ ብለው ካልተናገሩ በቀር ሞተር አይነሳም። ይህንኑ ሕግ አምጥታ ሄሊኮፕተሯ ላይ ጫነችው። አንዱ ይፈትሻል፣ ሌላው ያበርራል። ፈታሹ «ትሂድ» ካላለ አብራሪው ጣቱን አያንቀሳቅስም፤ ለምን ብሎ መከራከርም የለም። ፍተሻው ብሎኖቹን ማየት፣ ባትሪው በደንብ መታሰሩን መነካካትና በመጨረሻም በአውራ ጣት ጥፍር ሁለቱን ክንፎች ከሥራቸው እስከ ጫፋቸው ቀስ ብሎ መዳሰስ ነው። ዓይን ያላየውን ስንጥቅ ጥፍር ያገኘዋል ትላለች አክስቷ።

ሁለቱም ወደ ኋላ ርቀው ቆሙ። ሄሊኮፕተሯ ጭራዋን ወደ እነሱ አድርጋ እየጮኸች ተነሳች። የአክስቷ ቀኝ እግር መሬቱን ይጫን ጀመር። ፍሬን መሆኑ ነው፤ መንገደኛ ሳይቀርብ አስቀድሞ መርገጥ የለመደ እግር ሜዳ ላይም አያርፍም።

«አሁን ፊቷን ወደ እኛ ላዞራት ነው» አለች አክስቷ። «እዪ። አሁን የእኔ ቀኝ ለእሷ ግራ ሆነ። ወደ ቀኝ ልሸሻት ብዬ ብገፋ ወደ ግራ ትመጣለች።»

«ገባኝ።»

«ለጆሮሽ ገብቶታል። ለእጅሽ ገና ነው።»

የፌንጣ ተራ ሲደርስ ከሄሊኮፕተሯ እግሮች ሥር ሁለት ዘንጎች ተጠላልፈው ታሰሩ፤ ጫፋቸው ላይ አራት የፒንግፖንግ ኳሶች ተሰክተዋል። እንዳትገለበጥ ነው። እስከ ጉልበት ከፍ ማድረግ፣ ማቆም፣ ማሳረፍ። እንደገና ከፍ ማድረግ፣ ማቆም፣ ማሳረፍ። ፌንጣ ኳሶቹን ጠላቻቸው። አራት ጎማ ያለው የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ነው የመሰላት።

«የዓርቡን በደንብ ከፈተሽሽልኝ» አለች አክስቷ ዕቃውን ወደ ሻንጣው ስትመልስ፣ «ቅዳሜ ኳሶቹን እንፈታቸዋለን።»

ዓርብ የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ቀን ነው። አክስቷ ግቢ ውስጥ እንድታበርር የተጋበዘችው በማይክ አፍ ሰበብ ነው። ማይክ የፌንጣ የወንበር ጓደኛ ናት፤ ክፍሉ ማይክ የሚላት አፏ አጠገብ የማይጠፋ ማይክራፎን የተተከለ ስለሚመስል ነው። ክፍሉን ሁሉ ሰብስባ «ይቺ ልጅ ሄሊኮፕተር ገልብጣ ታበርራለች» ብላ አወራች። ፌንጣ አላለችም፤ ግን አላስተባበለችም። ሁሉም ዞር ብሎ ሲያያት ደስ ብሏት ነበር። ወሬው የፊዚክስ መምህሩ ጆሮ ገባና እሳቸው ደግሞ አክስቷን ጋበዟት።

«እስቲ አሳዪኝ» አለች ማይክ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ሲወጡ። «በናትሽ፣ እኔ እንኳ አይቼ ልመስክር እንጂ። ሼም ነው።»

ፌንጣ እናቷ ከሥራ እስክትመለስ የምትቆየው አክስቷ ቤት ነው፤ ቁልፍ ተሰጥቷታል። አክስቷ እስኪመሽ ተማሪ ይዛ ከተማውን ትዞራለች። ሻንጣው ቁም ሣጥኑ ላይ ነው። ፌንጣ ወንበር ላይ ቆማ ስታወርደው እጇ እየቸኮለ፣ ልቧ እየከለከላት ነበር። ያሸነፈው እጇ ነው።

ልብስ የሚሰጣበት የሕንፃው ጣሪያ ላይ ወጡ። ማይክ ኳሶቹን ስታይ ሳቋን መያዝ አቃታት።

«ይሄ ምንድነው? አቦ አውልቂው፣ ቪዲዮ ላይ ፋራ ነው የሚያስመስልሽ።»

ፌንጣ አወለቀችው። ጥፍሯንም ክንፎቹ ላይ አላሳለፈችም። «ትሂድ» የሚል ሰው አልነበረም፤ ማይክ «በቃ ጀምሪ» አለች እንጂ።

መጀመሪያ ላይ መልካም ነበር። ሄሊኮፕተሯ እስከ ጉልበት፣ ከዚያ እስከ ደረት ከፍ አለች። ማይክ ስልኳን ቀስራ ወደ ውሃ ታንከሩ ተጠጋች። ከዚያ ከሕንፃው ጥግ ነፋስ መጣና ጭራዋን ገፋው። ፌንጣ ልብ ሳትለው በአንድ ቅጽበት ሄሊኮፕተሯ ፊቷን ወደ እሷ አዙራ ወደ ማይክ መሄድ ጀመረች። ፌንጣ ልታርቃት የሪሞቱን ዱላ ወደ ቀኝ ገፋችው። ይብሱን ወደ ማይክ ሄደች። ይበልጥ ገፋችው።

ሄሊኮፕተሯ በማይክ ጆሮ አጠገብ አለፈች፤ ነፋሱ የማይክን ጸጉር ነካ። የልብስ ማስጫውን ብረት መታችና ወደቀች።

ማይክ አፏ ክፍት ነው፤ ግን ማይክራፎኑ ጠፍቷል። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ ደስ አይልም ነበር።

«ማንም አላየም» አለች በመጨረሻ። ቪዲዮውንም እዚያው አጠፋችው።

የተሰበረ ነገር ያለ አይመስልም ነበር። ፌንጣ ግን አሁን ጥፍሯን አሳለፈች። የአንደኛው ክንፍ ሥር ላይ፣ ብሎኑ አጠገብ፣ ጥፍሯ ተያዘ። እንደ ጸጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነው። ከአክስቷ መሳቢያ ማጣበቂያ አውጥታ ቀባችው፣ ሲደርቅ አለሰለሰችው፣ በጥቁር እስክሪብቶ አጠቆረችው። ጥፍሯ አሁን ሲያልፍ አይያዝም፤ ትንሽ ነቅነቅ ብቻ ይላል።

«ከጠየቀችሽ ሻንጣው ተመቶ ነው በያት» አለች ማይክ። «ደግሞም አትጠይቅሽም፤ ፈታሿ አንቺ አይደለሽ?»

እውነቷን ነው። የሚያስጨንቀውም ይኸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ፌንጣ መቀመጥ የሚባል ነገር ጭራሽ ተዋት። ክፍል ውስጥ እግሯ ጠረጴዛውን እያነቃነቀ ስላስቸገረ የሒሳብ መምህርቷ ከኋላ ወንበር አስቀመጧት። ቤት ውስጥ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ምን እንደፈለገች ሳታውቅ ትዘጋዋለች። እናቷ «ይቺ ልጅ ጉንዳን ዋጠች እንዴ?» አለች። አንድ ጊዜ ልትናገር ቆርጣ ወደ አክስቷ ወጥ ቤት ገባች። አክስቷ ሳህን እያጠበች፣ ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ፣ ፈተና የወደቀ ተማሪዋን ታጽናናለች። «መውደቅህ አይደለም የሚያሳዝነኝ» ትላለች፣ «መስታወት ሳታይ ‹አይቻለሁ› ማለትህ ነው።» ፌንጣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድታ ሳትጠጣው ወጣች።

ብትናገር ምን እንደሚከተል ታውቃለች። ቁልፉን ትመልሳለች፤ ቅዳሜ አይኖርም፤ ኳሶቹም አይፈቱም። ምናልባት ሄሊኮፕተሯ ለዘለዓለም ቁም ሣጥን ላይ ትወጣለች። ባትናገርስ? ማጣበቂያው ጠንካራ ነው፤ ቱቦው ላይ ብረት ያጣብቃል ተብሎ ተጽፏል። ይህን ለራሷ ደጋግማ ነገረችው። ራሷ ግን አላመናትም።

ዓርብ አክስቷ ግቢው ውስጥ ገመድ ዘርግታ ተማሪውን ሁሉ በአንድ በኩል፣ ከኋላዋ አሰለፈችው። ክብ ሠርቶ መክበብ የለም። የታችኛው ክፍል ሕፃናት ከገመዱ ሥር እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። አንዱ ጥርሱ የወለቀ፣ ዓይኑን ሄሊኮፕተሯ ላይ ተክሎ ጣቱን ይጠባል። ማይክ ከኋላቸው ቆማለች። የፊዚክስ መምህሩ አዲስ ከረባት አስረው ወዲያ ወዲህ ይላሉ።

«ይህችን ልጅ ታውቋታላችሁ» አለች አክስቷ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «የዛሬዋ ፈታሽ እሷ ናት። እሷ ‹ትሂድ› ካላለች እኔ ማንም አይደለሁም።»

ተማሪው አጨበጨበ። አክስቷ ሪሞቱን አበራች፤ ቀጥሎ ባትሪውን ሰክታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ሞተሩ በድንገት እንዳይነሳ የሚያግደው የሪሞቱ መዝጊያ ገና እንደተቆለፈ ነው። ፌንጣ ተንበረከከች።

ብሎኖቹ ደህና ናቸው። ባትሪው ታስሯል። ጥፍሯን በመጀመሪያው ክንፍ ላይ አሳለፈች፤ ለስላሳ ነው። በሁለተኛው ላይ ጀመረች። ነቅነቅ አለ። ደግማ አሳለፈች። አንገቷን መለስ ስታደርግ ማይክ ከገመዱ ማዶ ጭንቅላቷን በአዎንታ ትነቀንቃለች። ከማይክ ፊት ያ ጥርሱ የወለቀ ልጅ አለ፤ ቁመቱ ሲቀመጥ ከሄሊኮፕተሯ ርዝመት ጥቂት ቢበልጥ ነው። ፌንጣ በማይክ ጆሮ አጠገብ ያለፈውን ነፋስ አስታወሰች። ያኔ እንኳ ክንፉ ሙሉ ነበር።

ፈራች። መቀጣቱን ስትፈራ የሰነበተችው ፍርሃት አልነበረም፤ ከዚያ የባሰ ነው። አክስቷን አየቻት። አክስቷ ዓይኗን ወደ ሄሊኮፕተሯ እንኳ አላደረገችም፤ የምትጠብቀው የፌንጣን አፍ ብቻ ነው። ቀኝ እግሯ ግን መሬቱን መጫን ጀምሯል።

«አትሄድም» አለች ፌንጣ።

«አልሰማሁሽም።»

ቀና አለች። ግቢው በሙሉ ያያታል።

«አትሄድም።»

አክስቷ ለምን አላለችም። ሄዳ ባትሪውን ነቀለች፣ ከዚያ ሪሞቱን አጠፋች፣ ከአንገቷ አወረደችው። ከኋላ በኩል ፉጨት ተሰማ፤ «ቀልድ ነው እንዴ?» አለ አንድ ድምፅ። የፊዚክስ መምህሩ ከረባታቸውን እያጠበቁ ተጠጉ።

«ትንሽ እንኳ ከፍ ብትልልን?» አሉ ዝግ ብለው። «ልጆቹ እኮ ሳምንቱን ሙሉ ሲጠብቁ…»

«መምህር፣ የእኔ ሥራ ማብረር ነው» አለች አክስቷ። «መፍቀድ የእሷ ነው። አትሄድም ብላለች።»

ከኪሷ መፍቻ አወጣችና ክንፎቹን ፈትታ የቀረችውን ሄሊኮፕተር ለሕፃናቱ አቀበለች፤ እየተቀባበሉ አዩ። ሁለተኛውን ክንፍ ስትፈታ አውራ ጣቷ ሥሩ ላይ ቆየ። ስታነሳው ጥቁር ቀለም ይዟል። አክስቷ ጣቷን አየችው፣ ሱሪዋ ላይ ጠረገችው፣ ክንፉን ሻንጣው ውስጥ ከተተችው። ፌንጣ ይህን ሁሉ አየች። አክስቷም ፌንጣ ማየቷን አይታለች።

ወደ መኪናው ሲሄዱ ማይክ ከኋላ ሮጣ ደረሰች። አክስቷ ሻንጣውን ኋላ ስትጭን ጠብቃ ወደ ፌንጣ ጆሮ ተጠጋች።

«ምን ሆነሻል? እሺ፣ በቃ፣ ሻንጣው ነው በያት። ሻንጣው ነው፣ ሌላ ነገር የለም።»

«ጆሮሽን ልትቆርጠው ነበር እኮ» አለች ፌንጣ።

የማይክ እጅ ሳታዝዘው ወደ ጆሮዋ ሄደ።

ፌንጣ ጋቢና ገባች። የማስተማሪያ መኪና ስለሆነ በእሷም በኩል ከእግሯ ሥር ሁለተኛ ፍሬን አለ፤ እንዳትነካው ከልጅነቷ ጀምሮ ስለተነገራት እግሮቿን ወደ ወንበሩ ሰበሰበቻቸው። አክስቷ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች። ቁልፉን ሰካች። መስታወቱን አስተካከለች፤ ከጧት ጀምሮ የተስተካከለ ነበር። ምንም አልጠየቀችም። ፌንጣ እግሯ አለመወዛወዙን አስተዋለች። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነዘረ፤ ማይክ ናት። አላወጣችውም።

«ተማሪ አለሽ አሁን?»

«እስከ አሥር ሰዓት የለኝም።»

«እንግዲያው ሞተሩን አታስነሺው» አለች ፌንጣ። አንገቷ ላይ ያለውን የቤት ቁልፍ ከነክሩ አውልቃ በመሐላቸው፣ ከማርሹ አጠገብ አስቀመጠችው። «ማክሰኞ ነው። ጣሪያው ላይ። ከመጀመሪያው ልንገርሽ፣ መሐል ላይ አታቋርጪኝ።»

አክስቷ ሞተሩን አላስነሳችም፤ የመኪናውን ቁልፍ ነቅላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«እሰማሻለሁ» አለች።