ከአራት በታች

ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው አሮጌ ታብሌት ጮኸ። ስክሪኑ ላይ «የዛሬ ሳህን አጣቢ፦ ኢንጂነሩ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። የሚጣ እናት የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ ወደ መኝታ ቤት ገባች። አባቷ እጅጌውን ሰብስቦ ሳህኖቹ ላይ ጎንበስ አለ።

ኢንጂነሩ የሚጣ ታላቅ ወንድም ነው። ኮሌጅ በገባ በሳምንቱ ማዕረጉን ለራሱ የሰጠ፣ ሼም የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ልጅ ነበር። ክረምቱ ሊገባ ሲል ወደ ቤት ሲመለስ መኪና ገጨውና ሞተ። ሚጣ ይህን እስካሁን ጮክ ብላ ተናግራው አታውቅም።

«ሚጣ፣» አለ አባቷ ጀርባውን እንደሰጣት፣ «ያንን ከውስጡ ማውጣት ትችያለሽ? እናትሽ ሐሙስ በመጣ ቁጥር…»

«ምኑን?» እያወቀች ነው የጠየቀችው።

«ስሙን።»

የወንድሟን ላፕቶፕ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ከፈተች። በሳህን ምክንያት ጭቅጭቁ ሲበዛ ታብሌቱ ላይ ተራ የሚጠራውን አፕ የሠራው እሱ ነው፤ አሠራሩን ያስተማራትም እሱ። ሁለት ፋይል አለው። አንደኛው ቅንብሩ ነው፤ የቤተሰቡ ስምና ከስሙ አጠገብ በቅንፍ የየአንዳንዱ ተራ ቀን ይጻፍበታል። ሁለተኛው ስኬማ ይባላል፤ ቅንብሩ ምን ማሟላት እንዳለበት ይደነግጋል።

«ስኬማ ዘበኛ ማለት ነው፣» ይላት ነበር። «ሕጉን ያላሟላ ቅንብር ይዘሽ ከመጣሽ፣ ወላ ብታለቅሺ አያስገባሽም።»

አንድ ጊዜ ሚጣ ከእጥበት ለማምለጥ ብላ የራሷን ስም ከቅንብሩ ሰርዛ ነበር። ሲነቃባት ሳቀባትና እዚያው ሁለት ሕግ ጨመረ፦ የቤተሰቡ አባላት ከአራት እንዳያንሱ፣ እያንዳንዱ ሰው ደግሞ ቢያንስ አንድ ቀን እንዲኖረው። የስህተት መልእክቶቹንም ራሱ ነበር የጻፋቸው።

ሚጣ የወንድሟን መስመር አጠፋችና አስቀመጠችው። አፑ አልከፈትም አለ። በቀይ ጽሑፍ እንዲህ የሚል መጣ፦

«ከአራት በታች? ማንን ረሳችሁ? ደግማችሁ ቁጠሩ!»

ከዚያ ወዲያ ፊደሎቹ አልታይ አሏት፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ይንጠባጠብ ጀመር። አንተ ነገረኛ፣ አለች በልቧ፣ ማንን እንረሳለን?

መፍትሔው ቀላል ነው። ስኬማው ውስጥ አራትን በሦስት መተካት ብቻ ነው፤ አንዲት ቁጥር። ጣቷ ቁልፉ ላይ ደረሰና ቆመ። ሦስት ነን ብላ በገዛ እጇ መጻፍ አቃታት።

«ምን ሆንሽ የኔ እናት?» እናቷ ኮቴዋ ሳይሰማ መጥታ ከኋላዋ ቆማለች።

«አባዬ ስሙን አውጪ ብሎኝ… አፑ እምቢ አለኝ።»

እናቷ ጎንበስ ብላ ቀዩን ጽሑፍ አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«እሱ ነው የጻፈው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«አታውጪው እንግዲያው።» ድምጿ ተሰባበረ። «ግን ሲጠራ አልችልም፣ ሚጣ። ስሙ ሲመጣ አሁን በዚህ በር የሚገባ ይመስለኛል። አልችልም።»

አባቷ ውሃውን ዘጋው። ዞሮ ግን አላያቸውም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሚጣ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ ስኬማው ተመለሰች። አራትን አልነካችውም። ከሱ ዝቅ ብሎ ያለውን፣ እያንዳንዱ ሰው ቢያንስ አንድ ቀን ይኑረው የሚለውን ሕግ ፈልጋ አገኘችና «አንድ» የሚለውን ቁጥር ወደ ዜሮ ቀየረችው። ከዚያ የወንድሟን ስም ቦታው መለሰች። ሐሙስን ግን ከእሱ ቅንፍ ውስጥ አውጥታ፣ የራሷ ስም አጠገብ ጻፈችው። የእሱ ቅንፍ ባዶውን ቀረ።

አስቀመጠችው። አፑ ተከፈተ፤ አራቱም ስሞች አሉ።

«ስሙ ወጣ እንዴ?» አለች እናቷ በሹክሹክታ።

«አለ። ሥራ ብቻ ነው የሌለው።»

ሚጣ ላፕቶፑን ከድና ተነሣች፤ እጅጌዋን ሰብስባ አባቷ አጠገብ ቆመች።

«ልቀቅልኝ አባዬ፣» አለችው። «ሐሙስ የኔ ተራ ነው።»