«ልግባ እማ?» የተባልኩበት ምሽት

ጂን የለም አልልም፣ አላህ በቃሉ የጠቀሰውን እኔ ማን ሆኜ እክዳለሁ፤ ግን ሙት ጠራኝ፣ በመስኮት ታየኝ የሚሉ ሰዎችን አንድም ቀን አምኜ አላውቅም፣ እንዲያውም እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምሄድ ሴት ነኝ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ የሚያውቁኝ ይመሰክራሉ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ መኪናዬ ላይ አቀርቅሬ እውላለሁ፣ ወሬ አላበዛም። ይህንንም የምነግራችሁ ብቻዬን መያዙ ስለከበደኝ ነው።

ሐያት አንድ ልጄ ነበረች። አባቷ ትንሽ ሆና ሞተ፣ እኔና እሷ ቀረን። ኮምፒውተር ተምራ ደሴ ሥራ ያዘች፣ ባለፈው ክረምት ታመመች፣ ሳትቆይ አላህ ወሰዳት። አልሐምዱሊላህ፣ የሰጠኝም እሱ ነው።

አባቷ ያስተማራት አንድ አደብ ነበር፤ ሰው ዘንድ ስትገቢ ሦስት ጊዜ ፈቃድ ጠይቂ፣ ካልተመለሰልሽ ሳትቀየሚ ተመለሽ የሚል። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፣ መሐሉን በመጋረጃ ነው የከፈልነው፣ እሷ ግን ለዚያ መጋረጃም ቆማ «ልግባ እማ?» ትል ነበር። «አንቺ ልጅ፣ የገዛ ቤትሽ እኮ ነው!» ስላት «አደብ ነው፣ አባ ያለው ነው» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ደጋን ከተማ ያደገችው እናቴ ያስተማረችኝ ሌላ ልማድ አለኝ፤ መግሪብ ላይ፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ከውጭ ስትጠሪ እስከ ሦስተኛው ድረስ አቤት አትበይ፣ ሰው ያልሆነ ነገር ሦስት ጊዜ አይጣራም ትል ነበር። አምኜበት አልነበረም፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ። እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ ቤት አብረው ኖረው ተጋጭተው አያውቁም፣ ሐያት መሆኗን ሳውቅ ወዲያው እመልስላት ነበርና።

አሁን ስለ ኮምፒውተሩ ልንገራችሁ። አሮጌ ላፕቶፕ ነው፣ ድምፅ ማውጫው ከሞተ ቆይቷል፣ በጆሮ ማዳመጫ ካልሆነ ምንም አይሰማበትም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ከሰው ፍላሽ የሚገባ ቫይረስ ሲያስቸግራት ዊንዶውሱን አጥፍታ ሊኑክስ የሚባለውን ጫነችበት፣ ኮምቦልቻ ስትመጣም ፎቶ እንድመለከትበት በስሜ መግቢያ ከፈተችልኝ። ሊኑክስ ላይ እያንዳንዱ ሰው ቤት የሚሉት የራሱ ፎልደር አለው፣ የኔ ለኔ፣ የእሷ ለእሷ።

ከቀብሩ በኋላ ሰዓዳ፣ ደሴ አንድ ክፍል ተከራይተው አብራት ትኖር የነበረችው ጓደኛዋ፣ ላፕቶፑን ከብርድ ልብሷ ጋር ይዛልኝ መጣች። «ድምጿ ውስጡ አለ እናቴ» አለችኝ። ሐያት እሁድ እሁድ ፋብሪካ ለሚውሉ ልጃገረዶች ኮምፒውተር በነፃ ታስተምር ነበር፣ ትምህርቱንም ቤታቸው ሆነው እንዲሰሙት በድምፅ ትቀዳላቸው ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ድምጿን እየረሳሁት ነበር። ፊቷን አልረሳሁም፣ ፎቶ አለኝ። ግን ከሱብሒ ሰላት በኋላ ቁጭ ብዬ «እማ» ስትል ለመስማት እሞክራለሁ፣ የሚመጣብኝ የራሴ ድምፅ ነው። ሞቷን ተቀብያለሁ፣ ይህን ግን መቀበል አቃተኝ።

በራሴ መግቢያ ገብቼ የእሷን ቤት ስነካው ፈቃድ የለሽም የሚል ጽሑፍ ያመጣል። ደጋግሜ ነካሁት፣ ደጋግሞ መለሰኝ። አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩትና ባለሙያውን «ሁሉንም ክፈተው፣ የተዘጋ ነገር አይቅር» አልኩት። እኔ የመሰለኝ እንደ ለቅሶ ቤት ነው፤ እኛ ዘንድ ሰው የሞተበት ቤት በሩ አይዘጋም፣ የመጣ ሁሉ ይገባል፣ ማነህ አይባልም። ሰውየው እንዳልኩት አደረገ፣ የእሷንም የእኔንም ቤት ለሁሉ ከፈተው፣ ባለቤትነቱንም ከስማችን አውጥቶ የማሽኑ ዋና አዛዥ ለሚባለው መግቢያ ሰጠው። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ ማንንም አላስገባ አለ። ፓስወርዴን እጽፋለሁ፣ ይቀበለኛል፣ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ተመልሶ ፓስወርድ ይጠይቀኛል።

«እንግዲህ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው» አለኝ።

«ውስጡ ያለውስ?»

«እሱማ ይጠፋል፣ እናት።»

በሻርፔ ጠቅልዬ ይዤው ወጣሁ። ለሰዓዳ ስደውልላት ጮኸችብኝ፣ «ማንም እንዳይነካው! ይዘውት ደሴ ይምጡ!»

ሐሙስ ነበር፣ የሱና ጾም ይዤ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፣ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጉሙ መንገዱን ይዞት ሾፌሩ መብራት አብርቶ ነበር የሚነዳው፣ ረዳቱ ያቀፍኩትን አይቶ «እናት፣ ዶሮ ከሆነ ይከፈልበታል» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀብኝ፣ ልጄ ናት ልለው ዳድቶኝ ተውኩት።

የሰዓዳ ክፍል እንደነበረ ነው። የሐያት አልጋ አለ፣ ልብሷን የምትሰቅልበት ምስማር ባዶውን ግድግዳው ላይ ቀርቷል። ሰዓዳ ላፕቶፑን በሌላ መንገድ አስነሳችው፣ ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ጽሑፍ ብቻ። ስታነብ ቆይታ ራሷን ነቀነቀች።

«አዩ እናቴ፣ ቤቱ የባለቤቱ መሆን አለበት፣ ሌላ ሰው ሊጽፍበት አይገባም ነው የሚለው። እርስዎ አገር ምድሩን አስገቡበት፣ እሱም ተቆጣ።»

«እንደ ለቅሶ ቤት ይሁን ብዬ ነው።»

«ለቅሶ ቤትም እኮ ባለቤት አለው።»

ከዚያ አንድ መስመር ጻፈችና እጇን አነሳች። «ይሄ ትእዛዝ ቤቱን ለባለቤቱ ይመልሳል። ስሙን ብቻ ባዶ ትቼዋለሁ። የሐያትን ቤት በእርስዎ ስም ላድርገው ወይስ በእሷው?»

በኔ ስም ከሆነ፣ አለቀ፣ ልጅ የለኝም ማለት ነው። በእሷ ስም ከሆነ ደግሞ የሌለ ሰው ቤት ልጠብቅ ነው። ሰዓዳ አየችኝና ነጠላ ጫማዋን አደረገች። «መግሪብ ደርሷል፣ እርስዎ ጾመኛ ነዎት፣ ቤት ውስጥ አንዲት ቴምር የለም። ሮጬ ልምጣ፣ እስከዚያ ያስቡበት። ምንም እንዳይነኩ ብቻ።»

«ምን እነካለሁ፣ የዚህን ቋንቋ መች አውቀዋለሁ።»

ሸኘኋትና የግቢውን በር መወርወሪያ ከውስጥ ወረወርኩት፣ አከራይዋ አልነበረችም፣ ግቢው ውስጥ እኔና ውሻው ብቻ ነን፤ ውሻው ደግሞ ከውጭ ለሚመጣ ክፉ ነው፣ ስገባ ሰዓዳ ይዛልኝ ነው ያለፍኩት። አዛን አለ፣ በውሃ አፈጠርኩ፣ ሰገድኩ። ከዚያ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ስክሪኑ ላይ ያቺ ትንሽ ነጭ ሰረዝ፣ ስሙ መጻፍ ያለበት ቦታ ላይ፣ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ደሴ ያን ያህል ሰው ይዛ እንዲህ ጭር ትላለች ብዬ አስቤ አላውቅም፣ እመኑኝ፣ ዝናቡ እንኳ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጓደኛ ሆኖኝ ነበር፣ እሱም ድንገት ቀጥ አለ።

ያኔ ነው የጫማ ድምፅ የሰማሁት። ከግቢው በር በኩል በእርጥቡ ጠጠር ላይ እየመጣ ነው፣ አንዱ እግር ይረግጣል፣ አንዱ ይጎተታል። ሐያት በልጅነቷ ወድቃ ከዚያ ወዲህ ግራ እግሯን ትጎትት ነበር። ውሻው አልጮኸም።

በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ልግባ እማ?»

ሰዓዳ ናት አልኩ በልቤ። ግን ሰዓዳ እናቴ ነው የምትለኝ።

«ልግባ እማ?»

ስንት ጊዜ ፈልጌ ያጣሁት ድምፅ ነው፣ ትንሽ ሻከር ያለ፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የሚል፣ እንዴት ልረሳው ቻልኩ አልኩ፣ ያለ ጥርጥር እሷ ናት። አፌ ግን አልከፈት አለ። የእናቴ ልማድ ነው፣ ዕድሜዬን ሙሉ የኖረብኝ፣ ሦስተኛውን ጠብቂ የሚለው። እኔ አልነበርኩም የጠበቅሁት፣ ምላሴ ነው።

«ልግባ እማ?» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ግቢ!» አልኩ። ግን «ግቢ» ስል ጫማው ዞሯል። መርገጡን ሰማሁት፣ መጎተቱን ሰማሁት፣ ሳይቸኩል፣ ሳይቀየም፣ ሦስት ጊዜ ጠይቆ መልስ እንዳጣ ሰው እየራቀ ሄደ።

በሩን በረገድኩት። ጉሙ እስከ ደፉ ደርሷል። ውሻው የግቢው በር ጋ ቆሞ ጭራውን ይቆላል፣ ከፊቱ ማንም የለም። በሩ እኔ እንደወረወርኩት ነው። «ሐያት!» አልኩ። አልጮህኩም፣ ጎረቤት እንዳይሰማኝ አፍሬ ዝግ ባለ ድምፅ ነው የጠራኋት፣ ይኸው እስካሁን ያ ይቆጨኛል።

ወደ ውስጥ ስመለስ ነጯ ሰረዝ ቦታዋን ለቃ አንድ መስመር ወርዳለች። ባዶው ቦታ ተሞልቷል።

ሰዓዳ በሩን ስትደበድብ ከፈትኩላት፣ ቴምሩን በፌስታል ይዛ እያለከለከች ነው፣ «ኧረ ምነው እናቴ፣ ፊትዎ አመድ መስሏል፣ ረሃብ ነው?» አለችኝ። እጄን አንስቼ ስክሪኑን አሳየኋት። ጎንበስ ብላ አነበበች።

«ማን ጻፈው?»

«አንቺ አይደለሽም?»

«ወላሂ ባዶ ነበር የተውኩት! ሐያት ማሽኑ ላይ የምትጠራበት ስም ነው፣ ቁጥር ሁሉ አለው፣ እኔም በቃሌ አላስታውሰውም፣ ስመለስ ላየው ነበር።» ወደ በሩ አየች። ከዚያ፣ ዓይኔን ሳታይ፣ «ምናልባት ጽፌው ረስቼው ይሆናል» አለች። እኔም የሰማሁትን አልነገርኳትም። ማታ እዚያው ክፍል የምታድረው እሷ ናት።

የቀረውን ሠራችው። የእኔን ቤት ለእኔ መለሰች፣ የሐያትን ከሌላ ሰው ዘጋችው፣ ለእኔ ብቻ ማየትና መስማት ፈቀደችልኝ፣ መለወጥና ማጥፋት ግን አልችልም፤ «ባለቤቷ እሷው ናት» አለችኝ። ከዚያ የጆሮ ማዳመጫዋን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ።

«አይዞሽ፣ ንኪው» ትላለች ልጄ፣ ከአንዲት ፋብሪካ ሠራተኛ ጋር ነው የምታወራው፣ «ኮምፒውተር አይናከስም፣ ብትሳሳቺም አይፈነዳም፣ ቢፈነዳም እኔ ነኝ አጠገቡ ያለሁት።» ልጅቱ ስትስቅ ይሰማል። ሐያትም ሳቀች። ለምስጋና ሱጁድ ወረድኩ። አላህ ድምጿን መልሶልኛል፣ እሱን ሳላመሰግን አንድ ቀን አላሳለፍኩም፣ ሰዓዳንም ዱዓዬ ላይ ሳልጠራት አላድርም።

ከዚያ ወዲህ ቅጂዎቹን አንድ በአንድ ሰምቻቸዋለሁ። «ልግባ እማ?» የሚል የትም የለም። ቢኖርስ፣ በዚያ ማሽን ያለ ማዳመጫ ማን ይሰማው ነበር?

የሰፈራችንን ሼኽ ጠየቅኳቸው። ሲያዳምጡኝ ቆይተው፣ «ዘሀራ፣ ሙት አይመለስም፤ በልጅሽ ድምፅ የተጣራው ሌላ ነው» አሉኝ። «አያተል ኩርሲይን ከቁርአኑ ቅሪ፣ ሁለተኛ ብትጠሪም እንዳትመልሺ።» ልክ ናቸው፣ አውቃለሁ፣ በየማታው እቀራለሁ። ግን ሌላም ነገር አስባለሁ። ሌላ ቢሆን ኖሮ ፈቃድ ለምን ጠየቀኝ? ሦስት ጠይቆ፣ ተከልክሎ፣ በአደብ የሚመለስ ምን ዓይነት ክፉ ነገር ነው?

ባለፈው ሐሙስ፣ ኮምቦልቻ ቤቴ ውስጥ፣ መግሪብ ሰግጄ ተነስቼ ቴምሬን ሳነሳ ከመጋረጃው ማዶ በዚያው ድምፅ ተጠራሁ። አንድ ጊዜ። ሼኹን አሰብኩ፣ እናቴን አሰብኩ፣ ምላሴ ግን በዚህ ጊዜ አልጠበቀም።

«ቢስሚላህ፣ ግቢ» አልኩ።

መጋረጃው አልተነቃነቀም። የገባ ሰው አላየሁም። ቁጭ ብዬ ሁለተኛውን ስጠብቅ አመሸሁ፣ አልመጣም፤ ኋላ ላይ ነው የገባኝ፣ ፈቃድ ያገኘ ሰው ሁለተኛ አይጠራም።