ከገለባው ወዲህ

አልጣሽ ክንዱን ያገኟት እንጨት ለቀማ የወረዱ ሴቶች ናቸው። ከገደሉ ሥር ፊቷን ወደ ድንጋዩ አዙራ፣ አንድ እጇን ከራሷ ሥር አድርጋ ተጋድማለች። ሯጭነቷን አገሩ ሁሉ ያውቃልና አንዷ ከሩቅ «አይ ይህች ልጅ! እዚህም ድረስ ወርዳ መሮጥ ጀመረች?» ብላ ሣቀች። ጠጋ ብላ ካየቻት በኋላ ግን ነጠላዋን አውልቃ አለበሰቻትና ጩኸቷን አቀለጠችው።

ወሬው ፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ ዋና ሳጅን ተዋበች ሻይዋን ገና አላጋመሰችም። ተዋበች የስማዳ ተወላጅ፣ ቀጭን፣ ሰው ሲያወራ ከአፉ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት። ስለ ሩጫ የምታውቀው ሌባ ስታባርር የተማረችውን ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ሌባው ይቀድማታል። ሻይዋን ትታ ተነሣች።

ገደሉ ከጋይንቷ ከተማ ከንፋስ መውጫ ወጣ ብላ ባለች መንደር ዳር ነው። በአፋፉ ላይ ቀጭን የእግር መንገድ አለ፤ በግራው ገደል፣ በቀኙ ጥቅጥቅ ያለ የቀጋ እሾህ። የግንቦት ጉም ገና አልተነሣም። ሌሊቱን ያካፋው ዝናብ መሬቱን አለስልሶታልና የሟቿ ጫማ ዱካ ጎልቶ ይታያል፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ የማይወላውል ርምጃ። ድንገት አጠረ። ከዚያ ወደ ግራ፣ ወደ ገደሉ ጠርዝ ታጠፈ። ጠርዙ ላይ እንደ ዳቦ የተቆረሰ አፈር አለ። ከዚያ ወዲያ ዱካ የለም።

ዱካው ካጠረበት ፊት ለፊት፣ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይዞ፣ እርጥብ ገለባ ተዘርግፏል። ከቀኝ በኩል ሌላ የሩጫ ጫማ ዱካ ቀጋው ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል፤ እሾሁ ላይ ክር ተሰክቷል።

አብሯት የመጣው ሚሊሻ ከሩቅ ቆመ። «ሳጅን፣ እኔ እዚህ ሆኜ ልጠብቅዎ።»

«ከምን ነው የምትጠብቀኝ?»

«ኧረ ከገለባው ይራቁ! ጓያ ነው!»

ተዋበች ገለባውን በዱላ ገለበጠችው፤ በእጇ አልነካችውም። ፖሊስም ብትሆን ጓያ የሚፈራበት የስማዳ ሰው ናት። ጠፍጣፋ ቅርፊት፣ ማዕዘናም ፍሬ፤ እውነትም ጓያ ነው። ጓያ አዘውትሮ የበላውን ሰው እግር ይዞ ያስቀራል። የጤና ባለሙያዎች የሚይዘው ሲበሉት ብቻ ነው ብለው ደጋግመው አስተምረዋል፤ ሕዝቡም ደጋግሞ አጨብጭቦላቸዋል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን እንፋሎቱንም፣ እሸቱንም፣ ከሁሉ በላይ ዝናብ የነካውን ገለባ መርገጥን እንደ እባብ ይፈራል።

ደጋው የገብስ አገር ነው፤ ጓያ አይበቅልበትም። ገለባው ከቆላ የመጣ ነው። ከመንደሩ በኩል የአህያ ኮቴ መጥቶ፣ ገለባው ዘንድ ዞሮ ተመልሷል። ኮቴው ውኃ አቁሯል፤ ስለዚህ የመጣችው ዝናቡ ሳያባራ ነው። ተዋበች ከኮቴው ኋላ የነጂ እግር ፈለገች። አጣች። ዙሪያውን አየች፤ አሁንም አጣች።

«አህያ ብቻዋን መጥታ ገለባ አራግፋ ትመለሳለች?» አለችው ሚሊሻውን።

«የእኔዋ ጭነው እየነዷትም አትመጣም» አላት።

ታች ወርዳ የአልጣሽን ጫማ አገላብጣ አየች። ጭቃ ብቻ ነው። አንድ ገለባ የለበትም።

አሰልጣኝ መሐሪን ያገኘችው ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን የሰዓት መቁጠሪያ ይጫናል፤ የሚቆጠር ነገር ግን የለም።

«ለዛሬ ምን ሰጥተሃቸው ነበር?»

«ዕረፍት። እሁድ ደብረ ታቦር ላይ መምረጫ ውድድር አለ። ከአዲስ አበባ የመጣ ክለብ ከዚህ አካባቢ አንዲት ሴት ብቻ ይወስዳል። የእኔዎቹ አልጣሽና ዮርዳኖስ ናቸው። በዕረፍት ቀን የሠራች እሁድ አትሮጥም ብየ ነበር።»

«ዐረፉልህ?»

«ሯጭን ከማስሮጥ ማሳረፍ ይከብዳል፣ ሳጅን። ‹ዕረፉ› ስትያቸው ‹ጓደኛሽ ተደብቃ እየሠራች ነው› ያልሻቸው ይመስላቸዋል።» መቁጠሪያውን ለቀቀው። «አልጣሽ አምና ቅልጥሟ ተሰንጥቆ ክረምቱን ሙሉ ተኛች። ስትነሣ እንደ ሕፃን ከርምጃ ጀመረች። ዮርዳኖስ ነበረች ክንዷን ይዛ የምታራምዳት። ዘንድሮ አልጣሽ ደርሳባት አለፈቻት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸውም ቀዝቅዟል።»

«የአፋፉን መንገድ ታውቀዋለህ?»

«ከልክያቸዋለሁ። እነሱ ደግሞ ‹አስፋልቱ ቅልጥም ይበላል፣ አፋፉ ለስላሳ ነው› ይላሉ። ምን ላድርግ? እውነታቸውን ነው።»

«ጓያ ትፈራለህ?»

ሰውየው ሳያስበው እግሩን ሰበሰበ። «በእግሩ እንጀራ የበላ ሰው ስሙንስ ያነሣል?»

ዮርዳኖስ የተከራየቻት ክፍል ውስጥ ነበረች። ፊቷና እጆቿ ተቧጭረዋል። ከተዋበች ጋር የገባው ኢንስፔክተር ጸጋዬ ጭረቱን ካየ በኋላ ሌላ ነገር ማየት አልፈለገም፤ ተዋበችን ወደ ውጭ ጠራት።

«በጥፍር ተያይዘዋል። ገፍትራታለች። ዛሬውኑ እንያዛት።»

«እስከ ሣልስቱ ቆየኝ። ልጅቱ የትም አትሮጥም።»

«ሯጭ ናት እኮ!»

ተመልሳ ከልጅቱ ፊት ተቀመጠች። «ዛሬ ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ተኝቼ።»

«አልጋሽ እሾህ አለው?»

እንባዋ ጭረቱ ላይ ሲወርድ ስላቃጠላት ፊቷን ዞር አደረገች። «እሁድን ይከለክሉኛል ብየ ነው፣ ሳጅን። አሰልጣኝ ከሰማ አለቀልኝ። ግን አልነካኋትም። አላየኋትም እኮ! ጉም ነበር።»

«ለብሰሽው የነበረውን ቱታ ስጪኝ።»

ተዋበች ከአልጣሽ መንደር ስትደርስ ለቅሶው ተጀምሯል። ከአርብ ገበያ በታች ካለው ቆላ የመጣው እንየው፣ አልጣሽን ለማግባት ሽማግሌ የላከው ገበሬ፣ ከአጥሩ ሥር ቆሟል። ማልቀስ ይገባው እንደሆን የቸገረው ይመስላል፤ ሽማግሌዎቹ ገና መልስ አላገኙም ነበር።

«ጓያ ታመርታለህ?»

«ሌላ ምን ይበቅላል በእኛ ቆላ? ባለፈው ገለባ ለአያ ክንዱ በሬ አምጥቼ ነበር። ባዶ እጄን ከምመጣ ብየ።»

«ያመጣህባትን አህያ ማን ነዳት?»

«እኔ ነኛ!»

«ተቀምጠህባት?»

እንየው በለቅሶ መሐል መሆኑን ረስቶ ድምፁን ከፍ አደረገ። «አህያ ላይ? ወንድ አይደለሁም እንዴ? ሳጅን፣ ልጅቱን አጣሁ፤ ስሜን ደግሞ ይተውልኝ!»

«እሺ። ስትሮጥ ደስ ይልህ ነበር?»

«አይ። ግን ስትመጣ ከሩቅ ትታወቃለች። ሌላው ሰው ይራመዳል፤ እሷ ትመጣለች።» ከዚያ አለቀሰ። ይገባኛል አይገባኝም ማለቱን ተወው።

የአልጣሽ አባት አያ ክንዱ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። በድርቁ ዓመት ጓያ ብቻ ተበልቶ በተከረመ ጊዜ እግራቸው ተይዞ፣ ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ በሁለት ዱላ፣ ከቤት ሲወጡ በአህያ ነው የሚሄዱት። እናቷ የለችም። ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

«እግዜር ያጽናዎ፣ አባቴ።»

«አሜን።» ዓይናቸውን አላነሡም። «ልጄ፣ አንቺ አይተሻታል አሉ። እግሯ… እግሯ እንዴት ነበር? ተይዞ ነበር?»

ተዋበች እጃቸውን አየች። ጉልበታቸውን ጨብጦ ይዟል። ከገደል ስለ ወደቀ ሰው ራሱን ይጠይቃሉ፣ አንገቱን ይጠይቃሉ፤ እግሩ ተይዞ እንደሆን ግን የሚጠይቅ ሰው አጋጥሟት አያውቅም።

«አልተያዘም፣ አባቴ» አለች፤ የቀረውን ጥያቄዋን ሳትጠይቅ ወጣች። ከበሩ አጠገብ የታሰረችውን አህያ አየች። ኮቴዋን መለካት ነበረባት፤ ለካችው። ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ቅዳሜ በሣልስቱ፣ አያ ክንዱ የተቀመጡበትን የደጃፍ መደብ ይዞ የተተከለው ድንኳን ሞላ። ዮርዳኖስ ጥቁር ለብሳ ስትገባ ሴቶቹ ቦታ ነሷት። «ደግሞ ፊቷን ይዛ መጣች!» አለች አንዲቱ። «የሟቿን ወንበር ልትረከብ ነዋ!» አለች ሌላዋ። ልጅቱ ከምሰሶው አጠገብ ቆማ ቀረች። ኢንስፔክተር ጸጋዬ ከበሩ ላይ ቆሟል፤ ከለቅሶው ስትወጣ ልጅቱን ይዟት እንደሚሄድ ለተዋበች ከነገራት ሰዓት በላይ ሆኖታል። ተዋበች ዝም ብላ ብታሳልፈው አባትየው በኀዘናቸው ብቻ ይቀራሉ፤ ይህች ልጅ ግን በነፍሰ ገዳይነት ትሄዳለች።

ተነሣች።

«ወገኖቼ፣ አልጣሽን ማንም አልገፈተራትም» አለች። «የሰው ዱካ ከሷ ጋር አልታገለም። መሬቱ እርጥብ ነበር፤ ትግል ቢኖር ይናገር ነበር። ሮጣ መጣች፣ ገለባው ዘንድ ደረሰች፣ ርምጃዋን አሳጠረች። ከዚያ በገደሉ በኩል ልታልፈው ሞከረች። ጠርዙ ተናደ።»

«የዮርዳኖስስ ጭረት?» አለ ጸጋዬ።

«የቀጋ ነው። ከገለባው በስተቀኝ እሾሁ ውስጥ ሰው ጥሶ አልፏል፤ ቅርንጫፎቹ ላይ የተሰካው ክር ከቱታዋ የተመዘዘ ነው። እሷም ገለባውን ፈራች። ረጅም ቱታ ስለለበሰች በእሾሁ አለፈች። አልጣሽ ቁምጣ ነው የለበሰችው። እሁድ ውድድር እያለባት እግሯን ለእሾህ አትሰጥም። ሁለቱም ሯጮች ናቸው፤ ሁለቱም ገለባውን አልረገጡም።»

ከሴቶቹ መሐል አንዷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ገለባውን ማን ጣለው ታዲያ?» አለ አሰልጣኝ መሐሪ።

«አንተ አይደለህም። እግሩን የሚሳሳለት ሰው እርጥብ የጓያ ገለባ ተሸክሞ አይወጣም። በዚሁ ዮርዳኖስም ትቀራለች። ገለባው በአህያ ነው የመጣው፤ ከአህያዋ ኋላ ደግሞ የሰው እግር የለም። ነጂ ከኋላ ይሄዳል። እዚህ አገር ጤነኛ ሰው አህያ ላይ አይቀመጥም፤ እንየውም በዚህ ይቀራል።» ቆም አለች። ከዚህ በኋላ ያለውን ለማንም ሳይሆን ለመሬቱ ነገረችው። «ገለባው በእጅ አልተበተነም። ከላይ፣ ከአህያዋ ጀርባ ላይ ነው የተዘረገፈው። የጣለው ሰው አልወረደም። መውረድ አይችልም። ጓያ ደግሞ ከእሱ የሚወስደው የቀረ እግር የለም።»

ማንም ወደ መደቡ ዞሮ ለማየት አልደፈረም።

«እኔ ነኝ» አሉ አያ ክንዱ። «አትድከሚ፣ ልጄ። እኔ ነኝ።»

ዱላቸውን ፈልገው አጡት፤ ተቀምጠው ቀጠሉ። «ገደሉን ፈርቼ ነው። በጉም አትሂጂበት ብየ ለመንኋት። ‹አባየ፣ መንገዱን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ› ትለኛለች። እኔ ቆሜ አልከለክላት። ማታ እንየው ካመጣው ገለባ ጭኜ ሄድሁ። ጓያ ስታይ ትመለሳለች ብየ። የእኔን እግር እያየች ነው ያደገች፤ ከሱ ሌላ የምትፈራው የለም። በአስፋልቱ ትሄዳለች ብየ ነው። ወደቀች ሲሉኝ ረግጣው እግሯ የተያዘ መስሎኝ…»

«አልረገጠችውም» አለች ተዋበች።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ምሰሶው አጠገብ ወደ ቆመችው ልጅ ዞሩ።

«ዮርዳኖስ፣ ልጄ። እሷስ ትሁን፤ አንቺ ምን ሆነሽ አልተመለስሽም? መንገዱ ተዘግቷል። ጓያ ነው። ሰው ይህን አይቶ እንዴት አይመለስም?»

ልጅቱ ምሰሶውን ጨበጠች።

«ዱካዋን አየሁት፣ አባየ» አለች። «ከፊቴ ነበረች። ከገለባው ወዲያ ዐለት ስለሆነ ዱካ አይታይም፤ በጠርዙ በኩል አልፋ የሄደች መሰለኝ። እሷ ካልተመለሰች እኔ እንዴት ልመለስ?»

አያ ክንዱ መልሱን የሰሙት አይመስልም። ከዚያ አፋቸው ተከፈተ፤ የወጣው ድምፅ ግን የሽማግሌ ለቅሶ አልነበረም። አሁንም ማንም አልቀረባቸውም፤ ምን ተብሎ እንደሚጽናና የሚያውቅ አልነበረም። ዮርዳኖስ ምሰሶውን ለቅቃ ሄዳ ከመደቡ ሥር ተቀመጠችና ራሷን ከጉልበታቸው ላይ አደረገች።

ኢንስፔክተር ጸጋዬ ኮፍያውን አወለቀ። «ቃላቸውን ሰኞ እንቀበላለን» አለ ዝቅ ብሎ።

አሰልጣኝ መሐሪ ማታ ሲወጣ ዮርዳኖስን ትከሻዋን ነካ አድርጎ «መኪናው ሲነጋ ይነሣል፤ ጥፋትሽን ትቼዋለሁ» አላት። ሰምታዋለች። ከተቀመጠችበት ግን አልተነሣችም።

እሁድ ደብረ ታቦር ላይ ሰማዩ ጠራ፤ ለሩጫ የተመቸ ቀን ነበር አሉ። ከጋይንት የሮጠ ሰው አልነበረም።